ከጦር ሜዳ የተረፉ ፈረሶችና ባለውለታዎቻቸው፦ የዶሮቲ ብሩክ ሕይወትና ሥራ (1883–1955)

መግቢያ

ስለ እንስሳት በጎ አድራጎት የሚጻፉ ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በመሥራቾች ላይ ነው። ገንዘባቸውን በጥቂት በጥቂቱ የሚያዋጡት ደጋፊዎች ግን በሒሳብ መዝገብ ውስጥ ተረስተው ይቀራሉ። ዛሬ በብሪታንያ ከእሽቅድምድም ሜዳ የተሰናበቱ ፈረሶችን ተንከባክበው አዲስ ባለቤት የሚፈልጉላቸው ድርጅቶች አሉ፤ የአገሪቱ የፈረስ እሽቅድምድም አስተዳደርም በ2000 ለዚሁ ተግባር የሚሆን ድርጅት አቋቁሟል። እነዚህ ድርጅቶች የቆሙት፣ ፈረስ ጉልበቱ ሲደክም እንደ አሮጌ ዕቃ ሊጣል አይገባውም ብለው በሚያምኑ ሰዎች መዋጮ ነው።

ይህ እምነት እጅግ በከበደ ሁኔታ የተፈተነው ከዚያ 70 ዓመታት ቀደም ብሎ በካይሮ ከተማ ነበር። ፈተናው የተነሣው የእሽቅድምድም ፈረሶችን በሚመለከት ሳይሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ካገለገሉ በኋላ በግብፅ ተሸጠው የቀሩትን የጦር ፈረሶች በሚመለከት ነው። የዚህ ታሪክ ዋና ባለቤት ወይዘሮ ዶሮቲ ብሩክ ናቸው። ጽሑፉ የእኚህን ሴት ሕይወት በመከተል ሁለት ጥያቄዎችን ይመረምራል። አንደኛው፣ ደጋፊዎቹ ገንዘባቸውን የሰጡት ለምን ዓላማ ነበር የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ለጥቂት ዓመታት ብቻ የታሰበ የመዋጮ ሥራ እንዴት ወደ ዘላቂ ተቋም ተለወጠ የሚል ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የኋላ ታሪክ፦ በግብፅ የቀሩት ፈረሶች

በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር የብሪታንያ መንግሥት ከገበሬ ማሳ፣ ከባላባት ጋጣና ከከተማ ጋሪ ሳይቀር ፈረሶችን ሰብስቦ ወደ ጦር ግንባር ላከ። በሲና በረሃ፣ በፍልስጥኤምና በሶርያ በተካሄደው ዘመቻ የፈረሰኛው ጦር ድርሻ ከምዕራብ አውሮፓው ግንባር ይልቅ የጎላ ነበር። በምዕራብ በኩል ምሽግ፣ እሾሃማ ሽቦና መትረየስ ፈረሰኛውን ሲያግዱት፣ በበረሃው ግን ሰፊ ሜዳ ስለ ነበር ፈረሰኛው እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ ወሳኝ ሆኖ ቆየ። በጥቅምት 31 ቀን 1917 የአውስትራሊያ ፈረሰኞች ቤርሳቤህን የያዙበት ግልቢያና በ1918 መኸር ወደ ደማስቆ የተደረገው ግስጋሴ ለዚህ የሚጠቀሱ ናቸው። ፈረሶቹም ጥማቱን፣ ሐሩሩንና የጥይቱን እሳት ከወታደሩ እኩል ተቋቁመዋል።

ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ወታደሩ ወደ አገሩ ሲመለስ ፈረሱ አልተመለሰም። እንስሳቱን በመርከብ ማጓጓዝ ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ ነበር፤ በሽታ ይዘው ይገባሉ የሚል የለይቶ ማቆያ ሥጋትም ነበር። ከአውስትራሊያ ወደ ልዩ ልዩ ግንባሮች ከተላኩት ከመቶ ሺህ በላይ ፈረሶች ወደ አገሩ መመለሱ የሚታወቀው ሳንዲ የተባለው የአንድ ጄኔራል ፈረስ ብቻ ነው። በምሥራቁ ግንባር ከቀሩት ያረጁትና የታመሙት ተገደሉ፤ ለሥራ ይበቃሉ የተባሉት ወደ ሌላ የጦር ክፍል ተዛወሩ ወይም በጨረታ ተሸጡ። በዚህ መንገድ በግብፅ ለግል ባለቤቶች የተሸጡት ወደ 20,000 እንደሚጠጉ ይገመታል። ሽያጩ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ጥቂት ገቢ አስገኘ፤ ለፈረሶቹ ግን ከጦርነቱ የረዘመ ሁለተኛ አገልግሎት ሆነባቸው። በካይሮ ጎዳናዎችና በድንጋይ ካባዎች ጋሪ እየጎተቱ ከ10 ዓመት በላይ ኖሩ።

ትውልድና የቤተሰብ ሕይወት

ዶሮቲ ብሩክ በ1883 ጊብሰን ክሬግ ከሚባል የስኮትላንድ ባላባት ቤተሰብ ተወለዱ። በዘመኑ በነበረው የባላባት ቤት ሥርዓት ፈረስ የዕለት ተዕለት ኑሮ አካል ነበርና ከልጅነታቸው ጀምሮ የፈረስን ጠባይና አያያዝ እያወቁ አደጉ። በመጀመሪያ ከአንድ የጦር መኮንን ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጆች አፈሩ። ያ ጋብቻ በፍቺ ካበቃ በኋላ በ1926 የፈረሰኛ ጦር መኮንን የነበሩትን ጄፍሪ ብሩክን አገቡ። ጄፍሪ ብሩክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ፣ በፈረስ አያያዝና ግልቢያ ላይም መጻሕፍት የጻፉ ሰው ነበሩ።

በ1930 ጄፍሪ ብሩክ በግብፅ የነበረውን የብሪታንያ ፈረሰኛ ብርጌድ እንዲያዙ ተሾሙ። ወይዘሮ ብሩክም ባለቤታቸውን ተከትለው ካይሮ ገቡ። ግብፅ በ1922 ነጻነቷ ቢታወጅም የብሪታንያ ጦር ከአገሪቱ አልወጣም ነበር። የአንድ ከፍተኛ መኮንን ሚስት በዚያ የምትኖረው ኑሮ በግብዣ፣ በስፖርት ክበብና በፈረስ እሽቅድምድም የተሞላ ነበር። ወይዘሮ ብሩክ ግን ካይሮ እንደ ደረሱ ከጦርነቱ በኋላ የተሸጡት ፈረሶች ምን እንደ ደረሰባቸው ማፈላለግ ጀመሩ።

የመጀመሪያው ፈረስ

በፍለጋው መጀመሪያ ላይ ወይዘሮ ብሩክ በካይሮ የሚገኘውን የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ጎበኙ። በዚያም አጥንቱ የገጠጠ፣ በድካም የተሰበረ አንድ ሽማግሌ ዳማ ፈረስ አገኙ። እንዲህ ያሉ ፈረሶች ማንነታቸው የሚታወቀው በገላቸው ላይ በጋለ ብረት በተተኮሰው ምልክት ነበር፤ የቀስት ጫፍ የመሰለው ይህ ምልክት የብሪታንያ መንግሥት ንብረት መለያ ነው። ቁመናውና አጥንቱም በወጣትነቱ ጥሩ ፈረስ እንደ ነበረ ይመሰክር ነበር። በኋላ ኦልድ ቢል ማለትም ሽማግሌው ቢል የሚል ስም የወጣለት ይህ ፈረስ በግዢ ነጻ የወጣ የመጀመሪያው ሆነ። ከጥቂት ቀናት ዕረፍት በኋላም ያለ ሥቃይ እንዲሞት ተደረገ።

የኦልድ ቢል ጉዳይ በቀጣዮቹ ዓመታት ለሚሠራው ሥራ ሁሉ መለኪያ ሆኗል። ፈረሱን መግዛት ብዙም አስቸጋሪ አልነበረም። አስቸጋሪ የነበረው ከተገዛ በኋላ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ነበር። በ1918 ቢያንስ አራት ወይም አምስት ዓመት የነበረው ፈረስ በ1930 ከ16 ዓመት በላይ ይሆናል፤ አብዛኞቹም 20 ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። ለዓመታት በድንጋይ ጋሪ ሥር የኖረ፣ ገጣባ የወጣበት፣ ሰኮናው የተበላሸ፣ አንዳንዱም ዓይኑ የጠፋ እንስሳ ወደ መስክ ተሰማርቶ ያገግማል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም ነበር። ስለዚህ መታደግ የሚለው ቃል በዚህ ሥራ ውስጥ የተለየ ትርጉም መያዝ ነበረበት።

ለጋዜጣ የተጻፈው ደብዳቤና የደጋፊዎቹ ምላሽ

በሚያዝያ ወር 1931 ወይዘሮ ብሩክ በለንደን ይታተም ለነበረው ሞርኒንግ ፖስት ለተባለው ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ። በደብዳቤው ላይ የፈረሶቹን ዕድሜና ይዞታ ገለጹ፤ ፈረሶቹ ለብሪታንያ ያገለገሉ መሆናቸውን አስታወሱ፤ ገዝቶ ለማሳረፍ የሚውል ገንዘብም ለመኑ። የጋዜጣው ምርጫ በአጋጣሚ የተደረገ አይመስልም። ሞርኒንግ ፖስት በወግ አጥባቂነቱ የታወቀ፣ በጡረተኛ መኮንኖችና በባላባት ቤቶች ዘንድ የሚነበብ ጋዜጣ ነበር። ከአንባቢዎቹ መካከል ፈረሱ በጦርነቱ የተወሰደበት ወይም በፈረስ ጀርባ ላይ ሆኖ የተዋጋ ሰው አይታጣም።

ምላሹ ከተጠበቀው በላይ ሆነ። ከብሪታንያ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ገንዘብ ወደ ካይሮ ጎረፈ፤ ሥራውንም የሚመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ዘመኑ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ብሪታንያን ያናጋበትና የሥራ አጡ ቁጥር ከሁለት ሚሊዮን ያለፈበት ስለ ነበር የምላሹ መጠን ይበልጥ ትኩረት ይስባል። ሰዎች ለራሳቸው በተቸገሩበት ወቅት በሩቅ አገር ላሉና ዳግም ለማያዩአቸው ፈረሶች ገንዘብ መስጠታቸው ማብራሪያ ይሻል።

ለዚህ ሁለት ምክንያቶችን ማቅረብ ይቻላል። የመጀመሪያው የጦርነቱ ትዝታ ነው። ጦርነቱ ካበቃ ገና 13 ዓመት ብቻ ስለ ነበር ብዙ ቤተሰቦች ልጃቸውን ወይም ወንድማቸውን ያጡበት ሐዘን አልደረቀም ነበር። ከዚያ ዘመን በሕይወት የተረፈን ፈረስ መርዳት ለእነዚህ ሰዎች ከሟቾቹ ጋር የሚያገናኝ አንድ ክር ነበር። ሁለተኛው ምክንያት የዕዳ ስሜት ነው። ፈረሶቹን የሸጠው መንግሥት ቢሆንም የተሸጡት በሕዝቡ ስም ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ መዋጮው ምጽዋት ከመሆን ይልቅ መንግሥት ሳይከፍለው የቀረውን ዕዳ ዜጎች ከኪሳቸው የከፈሉበት ነው ማለት ይቻላል።

ሦስቱ የግዢ ዓመታት

ከ1931 እስከ 1934 ባሉት ዓመታት ኮሚቴው ወደ 5,000 የሚጠጉ የቀድሞ የጦር ፈረሶችን ገዛ። ይህ በሳምንት በአማካይ ከ30 በላይ ማለት ሲሆን፣ በግብፅ ተሸጠዋል ተብለው ከሚገመቱት ሩብ ያህሉን ይሸፍናል። የተገዛው ፈረስ ወደ ጋጣ ይገባል፤ ዕቃው ይወልቅለታል፤ ንጹሕ ውኃና መኖ ይቀርብለታል፤ ለስላሳ ጉዝጓዝ ይነጠፍለታል። ከዕረፍቱ በኋላ እጅግ አብዛኞቹ ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ ይደረግ ነበር።

በዚህ ነጥብ ላይ የደጋፊዎቹ አቋም ልዩ ትኩረት ይሻል። ለእንስሳት የሚዋጣ ገንዘብ ዘወትር የሚሰበሰበው ዳነ፣ አገገመ፣ አዲስ ቤት አገኘ የሚል መልካም ዜና በመስጠት ነው። ለካይሮ ኮሚቴ ያዋጡት ሰዎች ግን ገንዘባቸው በአመዛኙ የሚገዛው የጥቂት ቀናት ዕረፍትና ሰላማዊ ሞት መሆኑን እያወቁ ነበር የሰጡት። ወይዘሮ ብሩክ ይህን እውነት አልሸሸጉም። ፈረሶቹ ወደ እንግሊዝ መስኮች ይመለሳሉ የሚል የሚያጽናና ተስፋ ቢሰጡ ምናልባት የበለጠ ገንዘብ ይገኝ ነበር፤ ሥራው ግን ውሎ አድሮ እምነት ያጣ ነበር። በወይዘሮ ብሩክና በደጋፊዎቻቸው መካከል የነበረው ግንኙነት ለዓመታት የዘለቀው በዚህ ግልጽነት የተነሣ ይመስላል።

ሥራው በወይዘሮ ብሩክ ላይ ያሳደረው ጫና ቀላል አልነበረም። እየቀረቡ ያሉትን ፈረሶች በየጊዜው አይተው የትኛው እንደሚገዛ መወሰን ነበረባቸው። ገንዘቡ ውስን ስለ ነበር የባሰበትን ማስቀደም ግድ ነበር፤ የተሻለው ደግሞ ወደ ጋሪው ይመለሳል። ከሞታቸው በኋላ የታተመው የዕለት ማስታወሻቸው ስለ እነዚህ ቀናት ዋነኛ ምንጭ ነው።

የባለቤቶቹ ጥያቄ

የካይሮው ሥራ ለትችት የሚጋለጥበት አንድ ገጽ አለ። ታሪኩ በብሪታንያ ሲነገር ደግ እንግሊዛውያን ጨካኝ ከሆኑ ግብፃውያን እጅ ፈረስ ነጻ ያወጡበት ታሪክ ተደርጎ ሊቀርብ ይችላል። ይህ አቀራረብ ሁለት እውነቶችን ይጋርዳል። ፈረሶቹን ለገበያ ያቀረበው የብሪታንያ ጦር ራሱ ነው። የገዟቸውም ጋሪ ነጂዎችና የድንጋይ አመላላሾች፣ ከዕለት ገቢያቸው የሚተርፍ የሌላቸው ድሆች ነበሩ። ልጆቹ በቂ እህል በማያገኙበት ቤት ፈረሱ በቂ ገብስ ያገኛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ወይዘሮ ብሩክ በሥራው በቆዩ ቁጥር ይህን እየተረዱ መጥተዋል። ፈረሱን በኃይል ወይም በሕግ ማስጣል ባለቤቱን ከነቤተሰቡ ለረሃብ ይዳርጋል። ስለዚህ ግዢው ተገቢ ዋጋ በመክፈል የሚከናወን ነበር፤ ባለቤቱ በገንዘቡ ሌላ እንስሳ ገዝቶ ሥራውን መቀጠል ይችላል። ይሁንና ይህ መፍትሔ በራሱ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። አሮጌው ፈረስ ሲያርፍ በምትኩ የሚገዛው ወጣት ፈረስ፣ በቅሎ ወይም አህያ በዚያው ጋሪ ሥር ይገባል። ጋሪው ካልቀለለ፣ ቁስሉ የሚታከምበት ቦታ ካልተገኘ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ያው ታሪክ ይደገማል። የጦር ፈረሶቹ ተገዝተው ቢያልቁም የመከራው ምንጭ ግን አይደርቅም ማለት ነው።

ከመታሰቢያ ወደ ሆስፒታል

በ1934 በግብፅ የቀሩት የጦር ፈረሶች እያለቁ መጡ። ኮሚቴው የተቋቋመበት ዓላማ ከግቡ ሊደርስ ስለ ተቃረበ ሥራውን በክብር መዝጋት ይቻል ነበር። ወይዘሮ ብሩክ ግን በዚያው ዓመት በካይሮ የአሮጌ የጦር ፈረሶች መታሰቢያ ሆስፒታል የተባለውን ተቋም መሠረቱ። ሆስፒታሉ ለድሆች የሥራ ፈረሶች፣ በቅሎዎችና አህዮች ነጻ ሕክምና የሚሰጥ ነበር።

ይህ ውሳኔ በወይዘሮ ብሩክ ሕይወት ውስጥ ከሁሉ የላቀው እርምጃ ነው ሊባል ይችላል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የደጋፊዎቹ ገንዘብ የወጣው ለአገራቸው ላገለገሉ ፈረሶች ነበር። ከ1934 ጀምሮ ግን የቀስት ምልክት የሌለው፣ ጦርነት ያላየ፣ የአንድ ግብፃዊ ጋሪ ነጂ አህያም የመዋጮው ተጠቃሚ ሆነ። ይህን ለውጥ ደጋፊዎቹ ሊቀበሉት ወይም ሊተዉት ይችሉ ነበር። መታሰቢያ የሚለው ስያሜ በዚህ ረገድ ድልድይ ሆኗል። ደጋፊው የሞቱትን የጦር ፈረሶች ለማሰብ የሚሰጠው ገንዘብ በሕይወት ያለውን እንስሳ ያክማል፤ ባለቤቱም እንስሳውን ሳያጣ ከጥፋት ይድናል። በግዢው ዘመን ባለቤቱ ፈረሱን የሚነጠቅ ሻጭ ነበር። በሆስፒታሉ ዘመን ግን እንስሳውን ራሱ እየመራ የሚያመጣ፣ ስለ አያያዙም ምክር የሚቀበል ተባባሪ ሆነ።

ወይዘሮ ብሩክ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን አፍሪካ የተካሄደባቸውን አስጨናቂ ዓመታት ጨምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ከሆስፒታሉ ጉዳይ አልተለዩም። በ1955 በ72 ዓመታቸው አካባቢ አረፉ። ሆስፒታሉ ከእርሳቸው ሞት በኋላ በስማቸው መጠራት ጀመረ፤ ድርጅቱም በአሁኑ ጊዜ ብሩክ በሚለው አጭር ስም ይታወቃል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሥራውን ወደ ዮርዳኖስ፣ ፓኪስታን፣ ሕንድና ሌሎች አገሮች አስፋፍቷል።

ኢትዮጵያም ድርጅቱ ከሚሠራባቸው አገሮች አንዷ ናት። በአህያ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም በሆነችው በዚህች አገር እህል ወደ ገበያ፣ ውኃ ወደ ቤት፣ ጡብና አሸዋ ወደ ግንባታ ቦታ የሚጓዘው በአብዛኛው በአህያ ጀርባና በጋሪ ፈረስ ጉልበት ነው። በካይሮ የተነሣው የገጣባ፣ የከባድ ጭነትና የባለቤት ድህነት ጥያቄ በአዲስ አበባ ዳርቻና በክፍለ አገር ከተሞች ዛሬም ያልተመለሰ ጥያቄ ነው።

ማጠቃለያ

ከወይዘሮ ዶሮቲ ብሩክ ሕይወት ሦስት ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ መታደግ ማለት የግድ ዕድሜ ማራዘም አይደለም። ለኦልድ ቢልና ለመሰሎቹ መታደግ ማለት ጥቂት ቀን ማረፍ፣ ከዚያም ያለ ሥቃይ መሞት ነበር። ዛሬ ከእሽቅድምድም የተሰናበቱ ፈረሶችን የሚያሳድሩ ድርጅቶችም የትኛው ፈረስ ለአዲስ ቤት እንደሚበቃና የትኛው እንደማይበቃ ሲወስኑ ይኸው ፈተና ይገጥማቸዋል። ሁለተኛ፣ ደጋፊዎች መልካም ዜና ካልተነገራቸው አይሰጡም የሚለው ግምት ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። የ1930ዎቹ ለጋሾች እውነቱ ከነክብደቱ ተነግሯቸው ሰጥተዋል። ሦስተኛ፣ የእንስሳው ደኅንነት ከባለቤቱ ኑሮ ተለይቶ ሊታይ አይችልም። ኮሚቴው በ1931 ፈረሱን ከባለቤቱ በመግዛት ጀምሮ በ1934 ፈረሱን በባለቤቱ እጅ እንዳለ ወደ ማከም መሸጋገሩ የዚህ ግንዛቤ ውጤት ነው።

በካይሮ ከተገዙት 5,000 ፈረሶች መካከል ስማቸው የታወቀው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ገንዘቡን ያዋጡት ሰዎች ስምም ከጥቂቶቹ በስተቀር አልተጻፈም። የሁለቱም መታሰቢያ ሆኖ የቀረው፣ ጋሪ ነጂው አህያውን እየሳበ የሚገባበትና ለሕክምናው ገንዘብ የማይጠየቅበት የሆስፒታሉ በር ነው።